ስለ ካርኔጊ የወጣው ጽሑፍ ያልነካው ቤተሰብ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስለ ብረት ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት ከሌሊት ፈረቃ ተመልሼ፣ እርሱ በአሜሪካ፣ ከፒትስበርግ አጠገብ ባለችው በሆምስቴድ ካስገነባው ቤተ መጻሕፍት ጥቂት ዝቅ ብሎ በሚገኘው የኪራይ ቤቴ ውስጥ ነው። ጸሐፊው የደከሙበት መሆኑ ያስታውቃል፤ የስኮትላንድ ሸማኔ ልጅ የዓለም ባለጸጋ የሆነበትን መንገድ ሳያንዛዙ አስረድተዋል። እኔን ቅር ያሰኘኝ መደምደሚያቸው ነው። ስደተኛ ከተጋና ከቆጠበ ካርኔጊ የደረሰበት የማይደርስበት ምክንያት እንደሌለ፣ በፒትስበርግ ዙሪያ ያሉት የብረት ከተሞችም ለዚህ ምስክር እንደሆኑ ጽፈዋል። በእነዚህ ከተሞች ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እኔ የሰማሁት ምስክርነት ግን ከዚህ በጣም ስለሚለይ፣ ለአንባቢያን ቢቀርብ ይጠቅማል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

የካርኔጊ ቤተሰብ ስደተኛ እንደነበረ አይካድም። አባቱ በደንፈርምሊን ከተማ የእጅ ሸማኔ ነበሩ፤ በእንፋሎት የሚሠራው መሸመኛ መጥቶ እንጀራቸውን ሲያሳጣቸው ቤተሰቡ ለመሳፈሪያ የጎደለውን 20 ፓውንድ ተበድሮ እ.ኤ.አ. በ1848 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከፒትስበርግ ማዶ ወደምትገኘው አሌጌኒ መጣ፤ ያረፈውም ቀድመው በመጡ ዘመዶች ዘንድ ነው። ልጁ በጥጥ ፋብሪካ የክር ማጠንጠኛ እያመላለሰ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ሲያገኝ፣ እናቱ ጫማ እየሰፉ ቤቱን ይደግፉ ነበር። ጽሑፋችሁ ብድሩንም፣ ዘመዶቹንም፣ የእናቲቱንም መርፌ ዘሎ ሳምንታዊዋን ደመወዝ ብቻ ማንሳቱ አስገርሞኛል። ከዚህም በላይ ካርኔጊ የመጣው የአገሩን ቋንቋ እየተናገረና ፊደል ቆጥሮ ነው። እርሱ በ1875 በብራዶክ የከፈተው ፋብሪካ በር ላይና ኋላም ሆምስቴድ በር ላይ የተሰለፉት ስሎቫኮች፣ ሩሲኖች፣ ፖላንዶችና ሀንጋሪዎች ግን ከበረኛው ጋር እንኳን የሚግባቡት በእጅ ምልክት ነበር።

እኔ የማውቀው የአንዱን ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ የአከራዬን። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ እርሳቸው ከታች፣ እኔ ከላይ እንኖራለን። በእኛ ልማድ እማማ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ በስማቸው ስጠራቸው ደስ አይላቸውም። በበረዶ ወራት ደረጃውን ስጠርግላቸው በሩን ገርበብ አድርገው ያወጉኛል፤ እኔም አካፋውን ተደግፌ እሰማለሁ።

የአባታቸው አባት በ1903 የመጡት ያኔ በሀንጋሪ ሥር ከነበረችው፣ ዛሬ ምሥራቅ ስሎቫኪያ ከምትባለው ደጋማ አገር ነው። ከመንደራቸው ቀድሞ የመጣ ሰው የተከፈለበት የመርከብ ቲኬት ላከላቸው። ሐሳባቸው ሦስት ዓመት ሠርተው፣ ተመልሰው መሬት ለመግዛት ነበር። «አምስት ዓመት ብቻ ሠርቼ» ብሎ ከቤቱ የወጣ የጋዜጣችሁ አንባቢ የዚህን ሐሳብ መጨረሻ ያውቀዋልና አልዘረዝረውም።

እማማ ከመሳቢያቸው አውጥተው ያሳዩኝ አንድ ዕቃ አለ፤ ከሳንቲም ጥቂት የሚሰፋ፣ አናቱ የተበሳ፣ ቁጥር ብቻ የተቀረጸበት ክብ ናስ። ሠራተኛው በር ላይ የሚታወቀውም፣ ደመወዙን የሚቀበለውም በዚህ ቁጥር ነበር፤ ቁጥሩ የተደባበሰው በኪስ ውስጥ በመኖር ብዛት ነው። ስማቸው ግን ሌላ ጣጣ ገጠመው። በዚህ አገር ብዙ ቤተሰብ «ስማችንን የለወጡት ኤሊስ ደሴት ላይ ነው» ይላል፤ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ያለውን የስደተኞች መቀበያ ማለታቸው ነው፤ በደሴቱ የነበሩት መርማሪዎች ግን መርከቡ ይዞት የመጣውን የተሳፋሪዎች መዝገብ እየተከተሉ ይጠይቁ ነበር እንጂ አዲስ ስም አያወጡም ነበር። የእማማን አያት ስም ከግማሽ በላይ የቆረጠው ከሸለቆው ፋብሪካዎች በአንዱ ደመወዝ ይከፍል የነበረ ጸሐፊ ነው፤ ረጅሙን ስም መጻፍ ሰለቸውና እንደ ጆሮው አሳጥሮ ጻፈው፤ ቤተሰቡም በዚያው ቀረ። እኔና ወንድሜ ከአንድ አባት ተወልደን፣ አንዳችን በአባታችን፣ አንዳችን በአያታችን ስም ስለተመዘገብን በአሜሪካ ወረቀት ላይ የሁለት ቤተሰብ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ይህን ስሰማ አልሳቅኩም።

በ1907 በሆምስቴድ የቀን ሠራተኛ በሰዓት የሚከፈለው 16 ሳንቲም ተኩል ነበር። የ12 ሰዓት ፈረቃ ሠርቶ 2 ዶላር አይሞላለትም። የቀኑና የሌሊቱ ፈረቃ በየሁለት ሳምንቱ ሲለዋወጥ ደግሞ አንዱ ወገን ያለ ዕረፍት 24 ሰዓት ይሠራል። ቤት በዚህ ገንዘብ እንዴት ይቆማል? ቤቱን ያቆሙት የእማማ ሴት አያት ናቸው። በ1906 ባላቸውን ተከትለው የመጡት እኒህ ሴት በቤተሰቡ ዘንድ ባባ ይባላሉ፤ ለእኛ ጆሮ የወንድ ስም ቢመስልም በእነርሱ ቋንቋ ሴት አያት ማለት ነው።

ባባ በሁለት ክፍል ቤት ስድስት ደባል ያሳድሩ ነበር። ቤቱ ከባቡር ሐዲዱ በታች፣ በፋብሪካው ግድግዳ ሥር ነበር፤ ውሃ የሚቀዳው በግቢው መካከል ካለች ቧንቧ ነው። እያንዳንዱ ደባል ለመኝታ፣ ለልብስ አጠባና ለምግብ ሥራ በወር 3 ዶላር ይከፍላል፤ የአስቤዛው ዋጋ ለብቻው ተደምሮ ይካፈሉታል። ይህ የአንድ ቤት ወግ አልነበረም፤ በእነዚያው ዓመታት ሆምስቴድን ቤት ለቤት ያጠናችው ማርጋሬት ባይንግተን በስላቮቹ (በስሎቫኮቹ፣ በፖላንዶቹና በመሰሎቻቸው) ሰፈር የተለመደው ክፍያ ይኸው እንደነበረ መዝግባለች። የቀኑ ፈረቃ ሲነሳ የሌሊቱ እዚያው አልጋ ላይ ይወድቃል፤ አንሶላው ሳይቀዘቅዝ ሰው ይቀያየርበታል። ሥጋ ግን ደባሎቹ በየግላቸው ይገዙ ነበር፤ ባባም የማን እንደሆነ እንዳይምታታ እያንዳንዱን ቁራጭ በተለያየ ቀለም ክር አስረው በአንድ ድስት ይቀቅሉ ነበር። እማማ ይህን ሲነግሩኝ ጣታቸው ላይ ክር እንደሚያስር ሰው ያሳዩኛል። ቀይ ክር የነበረው ደባል ሁልጊዜ ትልቁን ቁራጭ ስለሚገዛ፣ ባባ ከእርሱ ድርሻ ላይ ቆንጥረው ለልጃቸው ይሰጡ ነበር አሉ፤ ሰውየውም ያውቃል፣ ግን አይናገርም።

ሒሳቡን አስቡት። ስድስት ደባል በወር 18 ዶላር ነው፤ ይህ ደግሞ የባላቸውን የሳምንት ተኩል ደመወዝ ያህላል። በጽሑፋችሁ «ቁጠባ» ተብሎ የተመሰገነው ነገር በብረት ከተሞች ውስጥ በአብዛኛው የሴት ጉልበት ነው፤ በፋብሪካው መዝገብ ላይ የማይታይ፣ ቁጥር የተቀረጸበት ናስ ያልተሰጠው ጉልበት።

በ1911 የእማማ አያት ሥራ ላይ ሳሉ በክሬን የተንጠለጠለ ጭነት ወድቆባቸው ሞቱ። የዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሞት ዜና አልነበረም። ክሪስታል ኢስትማን የተባለች የሕግ ባለሙያ ከጁላይ 1906 እስከ ጁን 1907 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ፒትስበርግ በምትገኝበት በአሌጌኒ አውራጃ ብቻ 526 ሰዎች ሥራ ላይ መሞታቸውን፣ ከእነዚህም 195ቱ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች መሆናቸውን አንድ በአንድ ተከታትላ አረጋግጣለች። ፔንሲልቬኒያ ለሠራተኛ ጉዳት ካሳ የሚያስከፍል ሕግ ያወጣችው በ1915 ነው፤ ከዚያ በፊት መበለቲቱ ካሳ ብትፈልግ ጥፋቱ የአሠሪው መሆኑን በፍርድ ቤት ማስረዳት ነበረባት፤ ምስክሮቿ ደግሞ ነገ ጠዋት እዚያው በር ላይ ሥራ የሚለምኑ ሰዎች ናቸው። ለሐቁ ያህል፣ ካርኔጊ በ1901 ድርጅቱን ሲሸጥ ለተጎጂ ሠራተኞችና ለጡረተኞች 4 ሚሊዮን ዶላር ትቷል፤ ይህንን ጽሑፋችሁ በትክክል ጠቅሷል። የተሸጠው ግን በ480 ሚሊዮን መሆኑንም አብሮ ቢያነሳ መልካም ነበር።

ባባን ከመውደቅ ያዳናቸው ዕድር ነው። ሌላ የአማርኛ ቃል አላገኘሁለትም። ስሎቫኮቹ በ1890 በፒትስበርግ ብሔራዊ የስሎቫክ ማኅበርን አቋቁመው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንን የተጠጉ ሌሎች ማኅበራትም በየከተማው ነበሯቸው፤ ሴቶቹም የራሳቸው ነበራቸው። አባሉ በየወሩ ጥቂት ሳንቲም ያዋጣል፤ ሲታመም ይረዳል፣ ሲሞት ማኅበርተኛው ዓርማውን ይዞ ይቀብረዋል፣ ለቤተሰቡም የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል። ስብሰባው የሚካሄደው፣ ቃለ ጉባኤው የሚጻፈው በራሳቸው ቋንቋ ነው። መዋጮውን ያስተጓጎለ አባል በስም ይነበባል፤ ይህንን ስሰማ እናቴ የዕድር ቅጣት ፈርታ በዝናብ የምትሮጥበት ትዝ አለኝ። ባባ በተከፈላቸው ገንዘብ ኪራያቸውን ከፍለው፣ ደባሎቻቸውን እንደያዙ ቀጠሉ። በዓመቱ ከደባሎቹ አንዱን አገቡ፤ ባለ ቀይ ክሩን። እማማ እየሳቁ «ደግ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ላይ የቤት ኪራይ ውዝፍ አልነበረባቸውም» ይላሉ።

አንባቢ «ለምን በሠራተኛ ማኅበር ተደራጅተው መብታቸውን አልጠየቁም?» ሊል ይችላል። ጠይቀው ነበር፤ እዚሁ ሆምስቴድ። ጁላይ 6 ቀን 1892፣ በእኛ አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ የካርኔጊ ሸሪክ ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ የቀጠራቸው ፒንከርተን የተባለ የግል ጥበቃ ድርጅት 300 ታጣቂዎች በሁለት የጭነት ጀልባዎች በሞኖንጋሂላ ወንዝ መጥተው ሊወርዱ ሲሉ ከሠራተኛውና ከከተማው ሕዝብ ጋር ተታኩሰዋል፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል፤ ከዚያ በኋላ የግዛቲቱ ገዥ ከ8,000 በላይ ወታደር አስገብተዋል። የባለሙያዎቹ ማኅበር ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡትን የቀን ሠራተኞች በአባልነት አይቀበልም ነበር፤ እነርሱ ግን አብረው ቆመዋል። አድማው በኖቬምበር ተሸነፈ፤ ማኅበሩም ከፋብሪካው ጠፋ። ጽሑፋችሁ ካርኔጊ በዚያን ጊዜ ስኮትላንድ ስለነበረ ነገሩን ሁሉ ያደረገው ፍሪክ ነው ማለቱ መታረም ይገባዋል። ስኮትላንድ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ከዚያው ሆኖ ለፍሪክ በደብዳቤ ድጋፉን ሰጥቶታል። እንግዲህ የእማማ አያት በ1903 ሲደርሱ ያገኙት ይህ አድማ የተሸነፈበትን ከተማ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ የ1919 ታላቁ አድማ ነው። በሴፕቴምበር 22 የተጀመረው ይህ አድማ በመላ አገሪቱ 350,000 ገደማ ሠራተኛ ያንቀሳቀሰ ሲሆን፣ አብዛኛው ሠራተኛ የ12 ሰዓት ቀን የመረረው ስደተኛ ነበር። ጋዜጦቹ «ወደ ሥራ ተመለሱ» የሚለውን ማስታወቂያ በስደተኞቹ የተለያዩ ቋንቋዎች አወጡት፤ ባባ ማንበብ ስለማይችሉ ደባል እንዳነበበላቸው ይነገራል። የግዛቲቱ ፈረሰኛ ፖሊስ በየጎዳናው ሰው ይበትን ስለነበር ስላቮቹ ከአገራቸው በሚያውቁት ስም «ኮሳክ» (የሩሲያ ንጉሥ ፈረሰኛ ወታደር) ብለውታል። ኩባንያዎቹ ደግሞ ከደቡብ ግዛቶች ጥቁር ሠራተኞች አምጥተው በአድመኞቹ ቦታ አስገቡ። እማማ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ከእኔ ያሸሻሉ፤ በቤታቸው በእነዚያ ሰዎች ላይ ምን ይባል እንደነበረ ስለሚያስታውሱ ይመስለኛል። እኔም አላስጨንቃቸውም። እነዚያን ሰዎች ብዙዎቹ የሠራተኛ ማኅበራት እንደማይቀበሏቸው፣ ከደቡብ የሸሹትም የባሰ ነገር እንደነበረ፣ ፋብሪካው ከገቡም በኋላ እስከ ልጅ ልጃቸው ድረስ ሙቀቱና ጭሱ የከፋበት ክፍል ይመደቡ እንደነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። በ1974 ዘጠኝ የብረት ኩባንያዎችና የሠራተኞቹ ማኅበር ይህን ዓይነት አድልዎ ለማረም በፍርድ ቤት ስምምነት ፈርመዋል። ሌሊት ወደ ሥራ ስሄድ የማቋርጠው ድልድይ ዛሬ በሆምስቴድ ግሬይስ ስም ይጠራል፤ የከተማዋ ጥቁር የብረት ሠራተኞች የመሠረቱት የቤዝቦል ቡድን ነው።

አድማው በጃንዋሪ 1920 ተሸንፎ ተጠናቀቀ። የ12 ሰዓቱ ቀን የተሻረው ከዚያ በኋላ፣ በ1923 ነው። በቀጣዩ ዓመት በወጣው የኮታ ሕግ ደግሞ ለምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች በሩ ተዘጋ፤ ባባ ሊያስመጧት ያሰቧት ታናሽ እህት በዚያው ቀረች። በዚያው ዓመት የእማማ አባት በ16 ዓመታቸው ፋብሪካ ገቡ። ማኅበር የተባለ ነገር ለእርሳቸው የደረሰው ትልቁ የብረት ኩባንያ ዩ.ኤስ. ስቲል ማርች 2 ቀን 1937 ከብረት ሠራተኞች አደራጅ ኮሚቴ ጋር ሲፈራረም ነው፤ በቀን ቢያንስ 5 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት። ሰውየው ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከልጆቻቸው ጋር ምሳ መብላት እንደጀመሩ ነው እማማ የሚናገሩት፤ ይህንንም የነገሯቸው እናታቸው ናቸው።

በ1941 ለጦርነቱ ምርት ፋብሪካውን ለማስፋት ከሐዲዱ በታች ያለው ሰፈር በሙሉ ፈረሰ፤ 8,000 ገደማ ሰው ተነሳ፤ አብያተ ክርስቲያናት፣ ሱቆች፣ የባባ ሁለት ክፍልና ያቺ ቧንቧ ጭምር። ቤተሰቡ አሁን እኔ ወደምኖርበት ኮረብታ ወጣ። የልማት ተነሺ የሚለውን ቃል ለእማማ ለመተርጎም ብዙ ደክሜአለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው፤ ሁለት ትውልድ በልቶ አደረ፣ መኪና ገዛ፣ ልጅ አስተማረ። በ1986 የሆምስቴድ ፋብሪካ ሲዘጋ የእማማ ታናሽ ወንድም የሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎት ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቋሚ ሥራ አላገኙም። ዛሬ በቦታው የገበያ ማዕከል አለ፤ እኔም ሽንኩርቴንና ዘይቴን የምገዛው እዚያው ነው። ከፋብሪካው አሥራ ሁለት ጭስ ማውጫዎች በመኪና ማቆሚያው ዳር ተሰልፈው ቀርተዋል። ከወንዙ ማዶ በብራዶክ ካርኔጊ በ1875 የከፈተው ፋብሪካ ዛሬም ይሠራል፤ በ1920 ከ20,000 በላይ ሕዝብ የነበራት ከተማ ግን ዛሬ 2,000 ሰው አይሞላባትም።

ስለዚህ አዘጋጁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የ1892ቱን በተመለከተ ያነሳሁት እርማት እንዲወጣ፤ ሁለተኛ፣ ስለ ስደተኛ ታሪክ በሚቀጥለው ጊዜ ስትጽፉ ደባል ያሳደረችውን ሴት የሒሳብ ደብተር ከባለጸጋው የሕይወት ታሪክ ጎን እንድታስቀምጡት ነው።

የቤተሰቡን ስም ያልጠቀስኩት በእማማ ጥያቄ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው የነገሩኝ ይህን ነው፤ በ1919 ባለ ቀይ ክሩ እስከ መጨረሻው አድማ ላይ ሲቆዩ፣ በዚያው ቤት ደባል የነበሩት ወንድማቸው በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሥራ ተመለሱ። ባባ የወንድምየውን ክር ከድስቱ አወጡ። የሁለቱ ወንድማማቾች ቤተሰቦች ዛሬም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፤ እማማ በግራ፣ እነዚያ በቀኝ ይቀመጣሉ፤ ሰላምታ ከጀመሩ ሦስት ዓመት አልሆናቸውም፤ እማማም ይህ ደብዳቤ እንዳያበላሸው ፈርተዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከፒትስበርግ አካባቢ አንድ አንባቢያችሁ